ፀሐይ ላይ የደፈረሰው ጠርሙስ

ሪያድ፣ ዐዚዚያ ውስጥ፣ የሞተር ቅባት ማጠቢያ ፈሳሽ በሚሠራ ጠባብ ወርክሾፕ ሁለት ሐበሾች ነበርን። ሁለታችንም ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለንም። ወረቀት ለሌለው ሰው መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ወረቀት የተገኘ ሰው መጨረሻው ተርሒል ነው፣ ታስሮ ወደ አገር መባረር። አሠሪያችን ደግሞ በስሙ አስመዝግቦ ኢቃማ የሚያወጣው ለአንዳችን ብቻ እንደሆነ ነግሮናል። ጓደኛዬ ወሎዬ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ የሦስት ልጆች አባት። እኔ ወንደላጤ ነበርኩ፤ ኢቃማውን የፈለግኩት ግን ከእሱ ባላነሰ ነው።

ውሃና ላምባ አይስማሙም። የሳሙናውን ፈሳሽ ስትጨምርባቸው ወተት ይመስላሉ። ከዚያ አልኮሉን ጠብ ጠብ እያደረግህ ስታማስል፣ ድንገት ያ ሁሉ ወተት ጠፍቶ ጥርት ይላል። ያቺን ቅጽበት እወዳት ነበር። አሠሪው አልኮል እንድንቆጥብ ይጨቀጭቀናል፤ እኔም ልታይለት ብዬ ገና እንደጠራ አቆምኩ።

«ወንድሜ፣ ኤሲ ሥር የጠራ አይታመንም። ፀሐይ ላይ አውጥተህ እየው» አለኝ ወሎዬው።

«ጠርቷል አይደል? ኸላስ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ስቆ ተወኝ።

በማግስቱ ፈሳሹን የሚወስደው ገዢ መጣ። ከበርሜሉ ለናሙና የቀዳንለትን ጠርሙስ በረንዳው ጫፍ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ከአሠሪያችን ጋር ወሬ ያዘ። ዐይኔን መንቀል አቃተኝ። መጀመሪያ ጭጋግ ቢጤ ታየበት፤ ከዚያ ደፈረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ላምባው ለብቻው ከላይ ተንሳፈፈ። ገዢው ጠርሙሱን እዚያው ትቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

«አልኮሉን የጨመረው ማነው?» አለ አሠሪው።

እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አልወጣ አለኝ።

«እኔ ነኝ» አለ ወሎዬው።

«ያላ፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

ልብሱን ፌስታል ውስጥ ሲከት አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እኔ ደግሞ ‹አይደለም፣ እኔ ነኝ› ትላለህ ብዬ ነበር» አለኝና ወጣ። አፈርኩ፤ ግን አልተከተልኩትም።

ከሰዓት በርሜሉን ፀሐይ ላይ አወጣሁና አልኮል ጨመርኩበት። ጠራ። እስኪመሽ ቆሜ ጠበቅሁት፤ አልደፈረሰም። ገዢው ተጠርቶ መጣና ሁሉንም ወሰደ።

አሠሪው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ይህን ያስተካከለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት፣ ሳልንተባተብ።