የራሷ ኩባያ

ቡሬ ላይ ባልና ሚስት ልናስታርቅ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠናል። ሴትዮዋን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ግን ሳይነግሩኝ አልቀሩም። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ተነሽ የሚላት ሰው ያለ ይመስል የወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀምጣለች።

«እኛ ቤት የዘር ነገር ተነሥቶ አያውቅም» አለ ባሏ፣ ደረቱን ነፍቶ። «እንዲያው በትንሽ በትልቁ ታኮርፋለች እንጂ።»

ውኃ መጣ። ለሁሉም በብርጭቆ ቀድቼ እሷ ጋ ስደርስ፣ ከቦርሳዋ ቀለሙ የተላላጠ የብረት ኩባያ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

ባሏ ሳቀ። «ይችን ኩባያ እኮ ስትወዳት! የትም ብትሄድ አትለያትም።»

«በሠርጌ ማግሥት እናትህ ናቸው የሰጡኝ» አለች ቀና ሳትል፣ እኔ መቅዳት ስጀምርላት። «የቤቱን ዕቃ እንዳልነካ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ።»

የሰውየው ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። እኔም ደነገጥሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ሲበላ ሲጠጣ እንዴት አያይም? አንተ ዓይን የለህም ወይ ብዬ ልቆጣው አፌን ስከፍት፣ የገዛ እጄን አየሁት። ውኃው ገና እየወረደ ነው። ጆጉን፣ ኩባያዋን እንዳይነካ፣ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ።