አሳማው የእኔ፣ አጋዘኑ የታደለ

ኮለምበስ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ያለው የታደለ ሱቅ ገብታችሁ፣ ከፍሪጁ በላይ የተሰቀለውን ቀንድ አይታችሁ ነው አይደል የመጣችሁት? አውቄዋለሁ። ሁሉም ያንን አይቶ ነው እኔ ጋ የሚመጣው። እንግዲህ ቁጭ በሉ፣ ከነሥሩ ልንገራችሁ። ታደለ አይዋሽም፤ ሰዉ ግን ቀንዱ ጋ ለመድረስ ስለሚቸኩል አሳማውን ዘሎት ያልፋል።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሃያ አንድ፣ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ነው፤ በእኛ ጥቅምት ሊወጣ ሲል። የነቢያት ጾም ሳይገባ ሥጋ ወደ ቤት እናስገባ ብለን የምንሯሯጥበት ሰሞን። በጠመንጃ ማደን የሚፈቀድበት ሳምንት ጾሙ ውስጥ ስለሚውል እኔ የማድነው በክሮስቦው፣ እንደ ጠመንጃ ቃታ ባለው ቀስት ነው። አንድ ፍላጻ ትጭናለህ፣ አንዴ ትለቃለህ፤ ገመዱን መልሰህ እስክትስብ ድረስ እጅህ ላይ ያለው እንጨት ነው።

ታደለን አደን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በኮቪዱ ዓመት ሱቁ ቀዝቅዞበት፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቶ፣ ቤት ውስጥ ሊፈነዳ ሲል «ጋሼ፣ በናትህ ይዘኸኝ ውጣ» አለኝ። እኔ ያኔ ካናል ዊንቸስተር መጋዘን ፎርክሊፍት እየነዳሁ፣ ኦፍ በሆንኩ ቁጥር ጫካ መግባት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የነፋስ አጠባበቁን፣ የዱካ አነባበቡን፣ ትንፋሽን ውጦ መቀመጡን፣ ምን ያልሰጠሁት አለ? በመጀመሪያው ዓመት እኔ ባዶ እጄን ስገባ እሱ ጣለ። ምን ይባላል? ስሙ ራሱ ታደለ።

የምናድንበት መሬት ከኮለምበስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል። ኮረብታው የሚጀምርበት ነው። የመሬቱ ባለቤት ሚስ ሩት የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ደጅ ጠንቼ ፈቃድ ያገኘሁት እኔ፣ ወድቆ የከረመ አጥሯን ያቆምኩላት እኔ። የበሩን ቁልፍ ግን ለታደለ ሰጠችው። «ያስቀኛል» አለች። ይህን ሂልቶፕ ሰፈር ቤቴ ገብቼ ሳወራ ልጄ ሜሮን ከስልኳ ቀና ብላ «ዳድ፣ ዩ አር ጀለስ!» አለችኝ። ባለቤቴ ሰብለ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ቅናት ሆዴ ውስጥ ቤት ሠርቶ ነበር።

ደግሞ አንድ አጋዘን ነበረ። ወንድ፣ ደረቱ ሰፊ፣ የግራ ቀንዱ ጫፍ ወደ ታች የታጠፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛፍ ላይ ባሰርኳት ካሜራ ስከታተለው ኖሬአለሁ። ፎቶውን ለሰው አላሳይም ነበር። ለታደለም።

አሁን እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ፤ አደን ማለት ይሄ ነውና። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኦክ ዛፎቹ ፍሬ ጥለው ጥለው፣ ጠጠር ላይ የምትሄድ እስኪመስልህ እግር ያንሸራትት ነበር። ፍሬው ሲበዛ አይጡ በዛ፤ አይጡ ሲበዛ ጉጉቱም፣ ቀበሮውም፣ ካዮቲ የሚሉት ተኩላ መሳዩም ጠግቦ ብዙ ወለደ። አጋዘኖቹም መንታ መንታ አስከትለው ታዩ። ይህን በምነግራችሁ ዓመት ዛፎቹ ደከሙ መሰለኝ፣ ፍሬ ነሱ። በጥጋብ ዓመት የተወለደው አፍ ግን አልተዘጋም። ያ ሁሉ አፍ ወዴት ይሄዳል? ከሸለቆው በላይ አንድ ጣፋጭ ፍሬ ያለው ነጭ ኦክ ብቻ ሰጥቶ ነበርና ሁሉም ወደዚያ።

ያንን ዛፍ ማን እንደነገረን ገምቱ። ሚስ ሩት ናት። ለማን? ኮል አድርጋ ለታደለ።

ጎህ ሲቀድ ደረስን። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፣ ነፋሱ ከምዕራብ ቀስ ብሎ ወደ ፊታችን ይመጣል። ዛፉ ሥር ባትሪዬን ዝቅ አድርጌ መሬቱን አየሁ። አጋዘን ፍሬ ሲለቅም ቅጠሉን በአፍንጫው ገለጥ ገለጥ ነው የሚያደርገው። እዚህ ግን አፈሩ በበሬ የታረሰ መስሎ ተገልብጧል።

«ይሄ የዱር አሳማ ነው» አልኩት። «ትልቅ ነው። መሬት ላይ አትቀመጥ።»

«አሳማ ምን ያደርገኛል ጋሼ?» አለና ሳቀ። «ይልቅ አንተ እዚህ ሁን። ቦታው የሚገባው ላንተ ነው።»

«የተነገረው ላንተ ነው» አልኩት። ዳገቱን ትንሽ ወጥቼ ሌላ ዛፍ ላይ መቀመጫዬን አሰርኩና ተሰቀልኩ። እሱ የወደቀ ግንድ ተከልሎ ተቀመጠ። አለመፍራቱ ራሱ አስቀናኝ።

ፀሐይ ቅርንጫፎቹን ስትነካ ሽኮኮዎቹ ሲሯሯጡ ቆይተው ድንገት ዝም አሉ። ከቁጥቋጦው በታች ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቀንዱን አየሁት፤ ጫፉ የታጠፈውን። አጋዘኔ ነው! ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ታደለ አላየውም፤ ግንዱ ይጋርደዋል። ቃታው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

ያኔ ነው ከታደለ ጀርባ ሌላው የወጣው። ጥቁር ነው፤ ትከሻው ከወገቡ የከበደ፣ ከከርከሮ የማያንስ ክራንቻ ያለው። ፍሬውን እያኘከ፣ አረፋ እየደፈቀ መጣ። ታደለ እግሩ ደንዝዞበት ኖሮ ቀስ ብሎ ዘረጋው። አሳማው ቀጥ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር ሲቆም አየሁ።

አንድ ፍላጻ ነው ያለኝ። አጋዘኑ እዚያ፣ አሳማው እዚህ።

«ታደለ! ከኋላህ!» ብዬ ጮኽኩ። አጋዘኑ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። አሳማው ደግሞ ተወረወረ። ታደለ ግንዱን ሊዘል ሲል ባቱን ከቡት ጫማው በላይ ተረተረው። ሲወድቅ ጩኸቱ እንደ ሕፃን ነበር። እሱን እንዳልመታ እየፈራሁ አሳማው ጎኑን እስኪያዞር ጠበቅሁና ለቀቅሁ። ፍላጻው ከትከሻው ኋላ ገባ። አሳማው ተሽከርክሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋ።

ታደለ ደሙ ይፈስሳል። መጠበቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ የቆሰለ አውሬ ሳይሞት አይወረድም። ግን ወረድኩ። እግሬ መሬት ከመንካቱ ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና አሳማው ወጣብኝ። ባዶውን ክሮስቦው እንደ ጋሻ ያዝኩት። ሲመታው ሰማሁት፤ አንዱ የቀስቱ ክንፍ ተሰበረ። ጀርባዬ ግንዱ ላይ ተለጠፈ። ክራንቻው ሱሪዬን ቀደደ፣ ጭኔን ብርድ ሲነካው ተሰማኝ። ፊቱ ከሆዴ ጋር ሲገጥም ትንፋሹ ሞቃት ነበር፤ እመኑኝ፣ የሸተተኝ ግም አይደለም። የተፈጨ ፍሬ፣ ጣፋጭ የኦክ ፍሬ ነው የሸተተኝ። ገፋሁት፣ ገፋኝ። ከዚያ ጉልበቱ ከውስጥ እንደ ውኃ አለቀ። እግሬ ላይ ተኝቶ ሞተ።

የታደለን ባት በቀበቶዬ አሰርኩ። እንደዚያ ተቀምጠን ብዙ ሳንቆይ አንዲት እንስት አጋዘን በፊታችን ሮጠች። ያ ሰሞን የድሪያቸው ነው፤ ወንዱ እብድ ነው፣ ሞትም አይታየውም። ተከትሏት ወጣ። ያው የታጠፈ ቀንድ።

የእኔ ክሮስቦው ተሰብሯል። የታደለ ግን ፍላጻው እንደተጫነ ነው። አነሳና ወደ እኔ ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ ያዝ» አለ በሹክሹክታ። ያዝኩት። አነጣጠርኩ። እጄ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል፤ አጋዘኑ ከማነጣጠሪያው ይገባል፣ ይወጣል። አቁስዬ ልልቀቀው? መለስኩለት። ታደለ ተቀምጦ እንዳለ፣ እግሩ እየደማ፣ ተኮሰ። አጋዘኑ ሦስት ጊዜ ዘለለና ተንበረከከ። ሳይሞት ደርሼ «በስመ አብ» ብዬ የባረክሁት እኔ ነኝ፤ ታደለ መራመድ አልቻለም።

ታደለ ሲደውልላት ሚስ ሩት በትራክተሯ መጣች። ታደለን አቀፈችው፤ ከቀንዱ ጋር አስቀመጠችው። ከዚያ ስልኳን ለእኔ ሰጥታ «አንተ አንሳን» አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ከቀንዱ አጠገብ ያለውን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አሳማውን አንበላም፤ ሸለቆው አፋፍ ላይ ተውነው። ካሜራዬን እዚያ አሰርኩ። መጀመሪያ ቁራ መጣ፣ ከዚያ ጥንብ አንሳ፣ ከዚያ ካዮቲዎቹ ከነልጆቻቸው። በመጨረሻ ትላትሉ። የእኔን አሳማ ጫካው በሙሉ በላው። የዛፉ ፍሬ በአሳማው አልፎ እነሱ ጋ ደረሰ፤ እኔ ማዶ ቆሜ አየሁ። የተማርኩት ይህን ነው፤ እናንተም ያዙት፦ አውሬውን አትፈልጉ። የሚበላውን ምግብ ፈልጉ፣ ያንን ምግብ ሌላ ማን እንደሚበላም አስቡ። ምግብ ባለበት ብቻችሁን አትሆኑም።

ታደለ ስፌቱ ሳይደርቅ፣ እያነከሰ ደረጃዬን ወጥቶ መጣ። የአጋዘኑን ሽንጥ፣ ምርጡን፣ ይዞልኝ። «ጋሼ ባይኖር ዛሬ ሰው አልነበርኩም» አላት ሰብለን። አልበላም ብዬ ነበር። ሰብለ በቃሪያ ጠበሰችው፤ ሽታው ክፍሌ ድረስ ገባ፤ ወጣሁ፣ ቁጭ አልኩ።

በላሁ። ቀስ ብዬ በላሁ፤ ስብ ያለው፣ ለስላሳ፣ ያ ዛፍ የጣለውን ፍሬ ሁሉ የሰበሰበ ሥጋ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። እስከ ዛሬም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ መጣፈጡ።