ባለ ጉትዬዋ ወፍ

ሐቢባ ሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ስፌት ሰፊዎች ሁሉ እጇ የፈጠነ፣ አፏ ግን ከእጇ የቀደመ ሴት ነበረች። ስንደዶና ወስፌ ይዛ ከተቀመጠች ሰፌዱም ሐሜቱም አብረው ያልቃሉ። «ሐቢባ ዘንድ ስፌት ላዝዝ ነው» ብሎ የወጣ ሰው ወሬ እንጂ ስፌት ይዞ እንደማይመለስ ባሕር ዳር ሁሉ ያውቃል።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሟ ቡርሀን በምሽት ታንኳ ሲቀዝፍ ተያዘ። ከማዶ አርበኛ ስለነበረ ከመሸ መቅዘፍ ክልክል ነበር። ቡርሀን «ዓሣ ላጠምድ ነው» አለ። መረብ አልያዘም። አንድ ከረጢት ጨው ግን ይዞ ነበር። «ለዓሣው ነው» አለ። ጣሊያኖቹ ምሽጋቸው ውስጥ አሰሩት።

የምሽጉ አዛዥ፣ ካፒታኖ የሚሉት፣ ክፉ ሰው አልነበረም ይባላል፤ ይህን የሚሉት ግን እሱ ያላሰራቸው ናቸው። ካፒታኖው ሌት ተቀን የሚመኘው ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ጭቃ ለጭቃ የምትራመድ አንዲት እግረ ረጅም ቡናማ ወፍ ፎቶ ማንሳት ነበር። ወፏ ብቅ የምትለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ካሜራው ደግሞ በዚያ ድንግዝግዝ ብዙ ቆይቶ ካላየ አይስልም፤ እሱ አይቶ እስኪጨርስ ወፏ ሄዳለች። ታንኳ የሚቀዝፍለት የሐቢባ ባል አደም ነበር። አንድ ቀን አደም የታጠበውን ፎቶ አይቶ እቤት ገባ።

«ምን ትመስላለች?» አለች ሐቢባ።

«ጭስ።»

«የፊተኛዋስ?»

«እሷም ጭስ ናት፤ የዛሬዋ ግን ምንቃር አላት።»

አደም በአስተርጓሚው በሣህሉ በኩል ስለ ቡርሀን ካፒታኖውን ለመነ። መልሱን ሣህሉ እቤታቸው ድረስ ይዞ መጣ።

«እትዬ ሐቢባ፣ ወፏ በፎቶ ከተያዘች ቡርሀን በማግስቱ ይፈታል ብለዋል። ካልተያዘች ግን ከእስረኞቹ ጋር ወደ ጎንደር ይሄዳል።»

ጎንደር ከተወሰዱት እስረኞች እስካሁን የተመለሰ አልነበረም። ሣህሉ ሲወጣ ሐቢባ ወስፌዋን ሰክታ ወደ አደም ዞረች።

«ወፏን ያቃታት መቆም ነው?»

«መቆም ነው።»

«እንግዲያስ የምትቆም እሰፋለታለሁ።»

«ቢያውቅብንስ?» አለ አደም።

«ያንን ጭስ ወፍ ያለ ሰው?»

ሰፋቻት። ገላዋን በስንደዶና በአክርማ፣ እግሯን በሸምበቆ አበጀች፤ ጥላሸትና ጭቃ ለቀለቀቻት። አደም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዶ ደንገሉ መሐል ተከላት፤ ከዚያ ካፒታኖውን አመጣና ታንኳውን እንዳይወዛወዝ ጭቃው ላይ አሳረፈው። ካፒታኖው ትንፋሹን ያዘ። ወፏም ያዘች። ፎቶው እንዳለቀ ሰውየው ጠጋ ብሎ ለማየት ቢቋምጥም አደም «ትበርራለች ጌታዬ» እያለ ወደ ኋላ ቀዘፈ።

ሐቢባ ማታ ወጥ ስታማስል ማማሰያውን ለቀቀችው።

«አደም! ማንጠልጠያውን ቆርጬዋለሁ?»

ሐቢባ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ሳታበጅ ስፌት ጨርሳ አታውቅም። አእምሮዋ ወፍ ሲሰፋ እጇ ሙዳይ ሰፍቶ ኖሯል፤ የወፏ አናት ላይ ቀለበት ቆሟል።

«እኔማ ለጌጥ ያደረግሽው መስሎኝ ዝም አልሁ» አለ አደም።

ፎቶው እስኪታጠብ ሐቢባ ማንንም አላማችም። ጎረቤቶቿ ታመመች ብለው ጠየቋት።

በመጨረሻ ሣህሉ እየሮጠ መጣ።

«ካፒታኖው አበደ! እንዲህ ያለ ጉትዬ ያላት ወፍ በመጽሐፍ የለችም እያለ ይዘላል። ለአገሩ ሊቃውንት ሊልከው ነው።»

«ቡርሀንስ?»

«ነገ ጧት ይወጣል።»

ሣህሉ ላቡን እየጠረገ ግድግዳውን አየ። ሰፌዱም፣ ሙዳዩም፣ ሌማቱም በየማንጠልጠያቸው ተሰቅለዋል። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«እትዬ፣ እነዚህን ለጥቂት ቀን ያውርዷቸው» ብሎ ወጣ።

ቡርሀን ከስቶ ወጣ። እንዴት እንደተፈታ ሲነግሩት ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድ ልጅ በሰፌድ ይፈታል?»

«በወፍ ነው» አለች እህቱ። «አታሳንሳት።»

ካፒታኖው ባለ ጉትዬዋ እንዳትደነግጥ ብሎ ከመሸ በደንገሉ በኩል ዘበኛ ዝር እንዳይል አዘዘ። ቡርሀን ይህን ሲሰማ ሰፌድ መናቁን ተወ። እስኪጠግብ በላና በዚያው በኩል ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ጣሊያን እስኪወጣም አልተመለሰም። ሐቢባ ለጠየቃት ሁሉ «መራዊ ሄዶ ሚስት አግብቶ ነው» ትላለች። የሚስቲቱን ስም ሲጠይቋት በየጊዜው ሌላ ስም ስለምትናገር፣ ጠያቂ በበዛ ቁጥር የቡርሀን ሚስቶችም በዙ።