ስድስት ልጆች ያሳደገችው ሚስቴ

ዛሬ በባለቤቴ ሙት ዓመት ልጄ ድንኳኑ መሀል ቆማ ስለ እናቷ የጻፈችውን ከስልኳ ላይ አነበበች። "ስድስት ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች" ስትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

እግዚአብሔር የሰጠን እሷን ብቻ ነው።

የእድራችን ዳኛ ጠጋ ብለው "አምስቱን የት ሸሽጋችኋቸው ነው?" አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ።

እንግዳው ሲበተን ጠየቅኳት። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ናት።

"ኢንተርኔት ላይ አገኘሁትና ስሙን ቀየርኩ። አሳይመንትም እንደዚሁ ነው የምንሠራው አባዬ።"

"ሃያ ዓመት ላሳደገችሽ እናት የራስሽ ሁለት መስመር ጠፋ? ዲግሪውን ለስልክሽ ይስጡት" አልኳት፣ ጨክኜ።

እሷም አልማረችኝም። "የሐውልቷን ጽሑፍስ ከጎኗ ካለው መቃብር ያስገለበጥከው አንተ አይደለህ?"

እውነቷን ነው። ሐውልት ሠሪው ምን ልጻፍ ቢለኝ የጎረቤቷን አሳይቼው "ስሙን ብቻ ቀይረው" አልኩት።

ከዚያ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በራሴ ቃል ልጸልይላት ቆምኩ። ከ"ነፍሷን ይማር" ሌላ አልመጣልኝም።

እስቲ እናንተም ስለ ሞተባችሁ ሰው የራሳችሁን ሁለት መስመር እዚህ ሥር ጻፉልኝ። የምትገለብጡ ካላችሁ ግን የልጆቹን ቁጥር አስተካክሉ።