ጋልማ አሜሪካኖቹን ወረፋ ያስያዘ ጊዜ

ጋልማ ቤቱ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ቢሆንም ሥራው ኡራን የምትባል ገጠር ነው። እዚያ አባ ሄሬጋ ይሉታል፤ በቦረና ወግ የጉድጓድ ውሃ ተራ ዳኛ ማለት ነው። ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ እሱ ይናገራል፤ ከተናገረ አለቀ። የከብት ነጋዴው ነጅመዲን አንድ ጊዜ በሬዎቹን ሎሪ ላይ ለመጫን ቸኩሎ ተራ ቢለምነው፣ «በሬዎችህ እስከ ነገ ይችላሉ፤ የማትችል አንተ ነህ» ብሎ ወደ ኋላ መልሶታል። ጋልማን የምታዝዘው ሚስቱ ካልቱማ ብቻ ናት። እሷም በውሃ ነገር አትገባም፤ በተቀረው ሁሉ ትገባለች።

በፈረንጆቹ 2006፣ ድርቁ ሲጠና፣ የአሜሪካ ወታደሮች መቆፈሪያ ይዘው ኡራን አጠገብ ሰፈሩ። በጥልቀት ቆፈሩ፣ ሞተር ተከሉ፣ የሲሚንቶ ገንዳ ሠሩ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ከቱቦው አንድ ጠብታ አይባክንም። ሲጨርሱ ግን አጥረው ቆለፉበት። ለጸጥታ ሲባል ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይከፈታል ተባለ። ከብቱ ማክሰኞን ከየት ያውቃል?

ጋልማ ሞተር ሳይክል ተፈናጦ ዴኒስ ዘንድ ሄደ። ዴኒስ ከናይሮቢ በኩል ተሹሞ የመጣ የመንግሥት ሹም ነው፤ ባንዲራም፣ ሁለት ታጣቂም፣ መኪናም አለው።

«ዴኒስ፣ ይሄ አገር የማን ነው?»

«የኛ ነዋ፣ ምዜ!» ሽማግሌን በስዋሂሊ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«አጥሩ ያለበትስ መሬት?»

«እሱም የኛ።»

«በል ክፈተው።»

ዴኒስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወዳጆቻችንን ሳንጠይቅማ አይሆንም። እኔ ሞያሌን እጠይቃለሁ፣ ሞያሌ ናይሮቢን ይጠይቃል፣ ናይሮቢ ደግሞ እነሱን።»

«እነሱማ እዚያው አጥሩ ሥር ቆመው ሶዳ እየጠጡ ነው!»

«ቢሆንም በሥርዓቱ ነው። የመኪናዬን ነዳጅ የሚሞሉት እነሱ ናቸው፣ እርስዎም ይረዱኝ እንጂ።»

«ገባኝ። አገሩ ያንተ፣ ነዳጁ የነሱ።»

ጋልማ ተመልሶ ከብቱን በአያቶቹ ጉድጓድ ማጠጣቱን ቀጠለ። ውሃው ጥቂት ነው፤ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ባልዲ እየተቀባበለ ነው የሚያወጣው። ቁልፍ ግን የለውም።

በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ ሞተር ቆመ። የሞያሌው መካኒክ ፍራንሲስ ሊያየው ቢጠጋ «አትንካ፣ ዕቃው ከባሕር ማዶ ይመጣል» አሉት። ወታደሮቹም የመጠጥ ውሃ ሲያልቅባቸው ቦቴ መኪናቸውን ይዘው፣ ዴኒስን አስቀድመው፣ ወደ አሮጌው ጉድጓድ መጡ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ ጋልማ። «ዛሬ የታዲቻ ግመሎች፣ ነገ የነጅመዲን በሬዎች፣ ከነገ ወዲያ እናንተ።»

ዴኒስ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምዜ፣ እነዚህ እኮ ወዳጆቻችን ናቸው!»

«ስለዚህ ነዋ ሦስተኛ ቀን የሰጠኋቸው። ጠላት ቢሆኑ አራተኛ ነበር። ውሃ አይከለከልም፤ ይጠበቃል።»

ዴኒስ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «ዛሬ ካልቀዱ ከሥራ ያወጡኛል። እኔም ሳልወጣ እርስዎን አወጣለሁ፤ ጉድጓዱን ለኮሚቴ እሰጣለሁ!»

ጋልማ ልቡ ደነገጠ። ይህ ዳኝነት ከአባቱ የመጣ ነው፤ ያለ እሱ ማንያታ ተቀምጦ የካልቱማን ትእዛዝ ሲሰማ ሊውል ነው። ቢሆንም የታዲቻን ግመሎች አሻግሮ አየና «ተናግሬያለሁ» አለ።

የወታደሮቹ አለቃ ትሑት ወጣት ነበር። ዴኒስ ሲያስተረጉምለት በእርጋታ ሰማ፤ ከዚያ ትልቅ የሳተላይት ስልክ አወጣ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ጋልማ።

«መጠበቅ ይፈቀድለት እንደሆነ አለቃውን እየጠየቀ ነው። አለቃውም የበላዩን ይጠይቃል።»

ጋልማ ወጣቱን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄኛውም ዴኒስ ነው እንዴ?»

ግመሎቹ ጠጡ። በማግስቱ በሬዎቹ ጠጡ። ከስልኩ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን ተራቸው ደረሰ፤ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ራሱ መቅዳት አለበትና ወታደሮቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው በመሰላሉ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ጭቃው እስከ ጆሯቸው ደረሰ። አንዱማ የቀጂዎቹን ዘፈን ይዞ ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር። ቦቴው ሞልቶ ሲዘጋ ስልኩ ጮኸ፤ መጠበቅ አይፈቀድም!

ወጣቱ እየሳቀ ወደ ጋልማ መጣ። ዴኒስ አስተረጎመ፤ «አዲሱ ጉድጓድ ሲጠገን የተራው ዳኛ እርስዎ ይሁኑ ይላል። ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ እርስዎ፣ መቼ እንደሚከፈት እነሱ። ምዜ፣ ሙሉ ሥልጣን እኮ ነው! እርስዎ እዚያ ይሂዱልኝና እዚህ ኮሚቴ የማቋቋሙ ነገር ይቅር።»

«እንዲህ ያለውን ሥልጣን አንተ ያዘው» አለ ጋልማ። «ለምደኸዋል።»

ዴኒስ ኮሚቴውን አዲሱ ጉድጓድ ላይ አቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ ነጅመዲን ሆነ። ነጅመዲንም ወንበሩን አጥሩ ሥር አድርጎ፣ በሩ ይከፈት እንደሆነ የናይሮቢን መልስ ይጠብቃል። በሬዎቹን ግን ጋልማ ዘንድ ነው የሚልካቸው።