ተረቱን እኔ የጨረስኩት ቀን

ልጅ ሳለሁ ተረት ልጅ ከማስተኛት ያለፈ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር። ያደግኩት ከአማን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቡና መሃል በተቀለሰች ቤት ከአክስቴ ከአስካለ ጋር ነው። አክስቴ ከወላይታ የመጣች፣ ቦርዴ የሚባለውን ወፍራም የእህል መጠጥ ጠማቂ ነበረች። ጎረቤታችን ደግሞ ሁላችንም አባባ የምንላቸው የቤንች ሽማግሌ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ይመጡና ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ ለብቻው ዜማ ባለው አማርኛቸው ተረት ይነግሩኛል። ያኔ የምናነደው እርጥብ የቡና እንጨት ስለነበር ጭሱ ያስለቅሰኛል፤ እንባዬን በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግኩ ዓይኔን ከአፋቸው አልነቅልም።

በዚያ ዓመት ቤታችን ዘመመች። ክረምት ሳይገባ እንደገና ለማቆም ደቦ ተጠራ፤ ለደቦ ደግሞ ቦርዴ ግድ ነው። አክስቴ የቀራት አንድ ቁና በቆሎ ብቻ ነበር። ድፍድፉ በደንብ ከጣፈጠ ብዙ ውሃ ስለሚችል ለሃያ ሰው ይበቃል። ካልጣፈጠ ግን ያው በቆሎ ለአምስት ሰው እንኳ የማይሆን፣ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ሆኖ ይቀራል። በዚያ ቦርዴ ቤታችንን የሚያቆምልን ሰው አይገኝም፤ ዝናቡም አይጠብቀንም።

ደቦው ሁለት ቀን ሲቀረው አክስቴ የበቆሎውን ገንፎ አብስላ ጋን ውስጥ ገለበጠችና የብቅሉን ዱቄት ይዛ ጓዳ ተቀመጠች። አባባም የአንድ ጎሽ ተረት ጀመሩ። ጎሹ ኩሬው ደርቆ ያገኘዋል፤ ውሃዬን ማን ጠጣብኝ እያለ በየወንዙ እየተሻገረ እንስሳውን ሁሉ ይጠይቃል። አባባ አንድም እንስሳ አይዘሉም። እኔ ደግሞ ተረቱን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ገና ከርከሮው ጋ ሲደርሱ አፌ አላስችል አለኝ።

«ራሱ ነው የጠጣው! ጠጥቶ ረስቶት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አባባ በሳቅ ፈረሱ። «በይ እንግዲህ፣ አለቀ» አሉና ፍሙን ቆሰቆሱ። ወዲያው ከጓዳ የማማሰያ ድምፅ ተሰማ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አክስቴ ቀመሰችውና «ጉድ ሆንኩ!» አለች። ገንፎው እንደ ደረቀ ነው፤ ጣዕሙም ዱቄት ዱቄት ይላል። መጀመሪያ ወፍጮውን ረገመች፤ ቀጥሎ ጋኑን በደንብ አላጠብሽም ብላ እኔ ላይ ዞረች። በመጨረሻ ብቅል የሸጠችላትን ጎረቤት ልታዋርዳት ነጠላዋን አነሳች።

«ቆይ እስቲ አስካለ፣» አሉ አባባ፣ «ብቅሉን መቼ ጨመርሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ አባባ። ተረትዎ ሲያልቅ።»

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ መች ጨረስኩት? ይቺ ናት የጨረሰችው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አክስቴ ለካ ሰዓት ስለሌላት የገንፎውን መብረድ የምትለካው በጎሹ መንገድ ነበር። ጎሹ ሁሉንም ወንዝ ተሻግሮ እስኪጨርስ የገንፎው ግለት ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት የገባ ብቅል ይቃጠልና ይሞታል። እሳቸው የሚያወሩት ለእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ሴት እያንዳንዱን ወንዝ ስትቆጥር መኖሯን ያኔ አወቅኩ፤ ከድንጋጤዬ ይልቅ መደነቄ በለጠ።

አክስቴ አልመታችኝም። ልትጣላ የተነሳችበት ቤት ሄዳ አንድ ጣሳ ብቅል ለምና ተመለሰች። ጣቷን ጋኑ ውስጥ ነከረች፤ ለብ ብሏል። ብቅሉን ጨምራ አማሰለችና ጋኑን ፍም ዳር አስጠግታ በኮባ ቅጠል ከደነችው። አባባም ማንም ሳይጠይቃቸው ተረቱን ከኩሬው ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መልሱን ለእኔ ትተው አዩኝ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

«ተናገሪ እንጂ!» አለች አክስቴ በጭንቀት።

«ራሱ ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

ቅጠሉን ስታነሳው ቅድም ማማሰያ ያቆም የነበረው ገንፎ ቀጥኖ ይፈስ ነበር። በጣቷ አቀመሰችኝ። ሸንኮራ ነው የሚመስለው! ስኳር አልገባበት፣ ማር አልገባበት፤ ከየት መጣ? አክስቴን አየኋት፤ እያለቀሰች ነው። በደቦው ቀን ሃያው ሰው ጠግቦ ጠጣ፤ ቤታችንም ቆመች።

ዛሬ የተማሩ ልጆቼ ነገሩን ያስረዱኛል። ጣፋጩ ድሮም በቆሎው ውስጥ ነበረ፤ ብቅሉ ያወጣዋል እንጂ ከየትም አያመጣውም ይሉኛል። ይሁን፣ አምናቸዋለሁ። ግን መገረሜ አልቀነሰም። እኛ እዚያች ዘማማ ቤት ውስጥ ከዚያ በቆሎ በቀር ምንም አልነበረንም፤ እሱም የጠየቀን ትንሽ እንድንታገሰው ብቻ ነበር።