የዶኛ ቪቻ እግርና የተኛው ሕፃን

ዶኛ ቪቻ ኬሳዲያ የሚባለውን የአይብ ዳቦ ሲጋግሩ ሚዛን አያውቁም። ትንሿን ጣታቸውን ሊጡ ውስጥ ነክረው ይልሱና «ስኳር ጎደለው» ወይም «አይቡ ጨው በዝቶበታል» ይላሉ፤ አለቀ። በሞታጓ ሸለቆ፣ ቁልቋልና አቧራ ብቻ በሞላበት በዚያ ሐሩር፣ ከሳቸው ምድጃ የወጣውን ቀምሶ ያልደገመ ሰው የለም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ደፍሮ የሚከራከራቸውም አልተገኘም።

ችግሩ ሲልሱ መኖራቸው ነው። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። በግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ የወጣች ቁስልም አልድን ብላለች። የእናታቸው እግር በዚሁ በሽታ ከጉልበት በታች ሲቆረጥ ያስታመሙት እሳቸው ነበሩ። ሰው የማይፈሩት ሴትዮ ያቺን የባቄላ ፍሬ የምታህል ቁስል ይፈሯታል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሮሴንዳ በየሳምንቱ ሆድ ላይ የሚወጋ መድኃኒት ጀመረችላቸው። ስኳራቸው ወረደ፤ ቁስሏም ዳር ዳሯ መድረቅ ያዘ። ዳሩ ግን ዶኛ ቪቻ ሁለት ጉርሻ ሳይበሉ ጥግብ ማለት ጀመሩ። የሊጡ ጣዕም እንኳ እንደ ድሮው አያጓጓቸውም። ተቆጥተው ጤና ጣቢያ ሄዱ።

«አንቺ ልጅ፣ ምግብ አስጠላሽኝ እኮ! ጋጋሪ ምግብ ከጠላች ምን ቀራት?»

ሮሴንዳ ሳቀች። «የመድኃኒቱ ሥራ ነዋ፣ ዶኛ ቪቻ! ስኳርዎ ከፍ ሲል ቆሽትዎን ‹ተነስ፣ ሥራ› ይለዋል። ጨጓራዎ የበሉትን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል፤ አንጎልዎም ‹በቃኝ› ይላል። ከየት እንደተገኘ ቢያውቁማ!»

«ከየት ነው?»

«ከመርዛም እንሽላሊት ምራቅ። በሰሜኑ በረሃ የሚኖር ነው፤ የኛው ‹የተኛው ሕፃን› የአጎት ልጅ በሉት። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚበላው። ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ምራቁ ውስጥ ነው ያገኙት። አሁን ግን በፋብሪካ ይሠራል፣ እንሽላሊት የሚያልብ የለም።»

ዶኛ ቪቻ ፊታቸው ተለዋወጠ። የተኛው ሕፃን የሚሉት ያንን ጥቁርና ቢጫ፣ ጅራተ ወፍራም እንሽላሊት ነው። ትንፋሹ ይገድላል፣ መብረቅ ይጠራል ይባላል፤ ስለዚህ በታየበት ይገደላል። እናታቸው በአካፋ ነበር የሚጨርሱት። አካፋውን ዶኛ ቪቻ ወርሰውታል።

«ይህንን ነው ሆዴ ውስጥ የከተትሽው?» ብለው ጥለዋት ወጡ።

መወጋቱን ተዉት። ሊጡን በእልህ ላሱት፤ ኬሳዲያውንም እንደ ድሮው ቆርሰው ቆርሰው በሉ። ብዙም ሳይቆይ ቁስሏ አፏን ከፈተች። ዶኛ ቪቻ እልኸኛ ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም። አንድ ጠዋት ሮሴንዳ ፊት ቁጭ አሉና «ውጊኝ። ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት። ሮሴንዳም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጋቻቸው።

ወራት አለፉ። የመንደሩ ዓመት በዓል ዋዜማ ደረሰ፤ ግቢው ኬሳዲያ በሚጠብቁ ጎረቤቶች ተሞልቷል። የልጃቸው ባል ኒካኖር ለምድጃው እንጨት ሊያወጣ ክምሩን ገለጥ ሲያደርግ ጮኸ።

«አማቴ፣ እንዳይተነፍሱ! የተኛው ሕፃን!»

ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ኒካኖር ገጀራውን አነሳ። ዶኛ ቪቻ ከግድግዳው አካፋቸውን ሲያወርዱ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሄደው አካፋውን በኒካኖርና በእንሽላሊቱ መካከል ተከሉት።

«ገጀራህን አውርድ።»

«ምን ነካዎት? አምና በዚሁ አካፋ የጨፈለቁት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ተው እልሃለሁ። ስሙ ማነው?»

«የተኛው ሕፃን ነዋ።»

«ታዲያ ሕፃን ሲተኛ ምን ይደረጋል?»

ኒካኖር ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ።

«ዝም ይባላል፣ አንተ ጯሂ!»

ጎረቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ኒካኖር ጆሮው ቀላ። «ይሳቁ! ነክሶ አልለቅም ሲልዎት፣ ሕመሙ ሲያንዘፈዝፍዎት፣ የደም ግፊትዎ ወርዶ ሲወድቁ ያኔ እናያለን። ለመሆኑ ምን አድርጎልዎት ነው?»

ዶኛ ቪቻ ጫማቸውን አወለቁ። ግራ እግራቸውን ወደፊት ሰደድ አድርገው አውራ ጣታቸውን አሳዩት። ቁስሏ ጠባሳ ብቻ ሆናለች።

«ይህን ያዳነው መርፌ ከዚህ ዘመድ ምራቅ የተገኘ ነው። እናቴ በሁለት እግሯ ቆማ ስንቱን ገደለች» አሉ። «በአንድ እግሯ ተቀበረች። መድኃኒቷ ከምን እንደሚገኝ የነገራት ሰው አልነበረም።» እናታቸው ናፍቀዋቸዋል።

ኒካኖር ገጀራውን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ከዚያም ኮቴውን አጥፍቶ ከጎረቤት እንጨት ሊያመጣ ሄደ።